ከሱቅ ዐረቢ የተገዛ አያት

በሕይወቴ ብዙ ዓይነት ድንቁርና አይቻለሁ። በፕላስቲክ ተጠርዞ፣ በሽፋኑ ላይ የአክሱም ሐውልት ታትሞበት፣ «የምርምር ሥራ» ተብሎ የቀረበልኝ ድንቁርና ግን የካርቱሙ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ከተማይቱን ከመበተኑ በፊት ነው። ከሳጃና ሰፈር አለፍ ብሎ ጥቂት ወላጆች ተሰባስበው በተከራዩት ግቢ ውስጥ ያቋቋሟት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበረች፤ እኔም በዚያች አማርኛና ግብረ ገብ አስተምር ነበር። በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ያደግሁ፣ በመጻሕፍት ቤት ትርጓሜ የሰማሁ፣ ባሕረ ሐሳብ የተማርሁ ሰው በመሆኔ ተማሪዎቹም መምህራኑም «የኔታ» ይሉኛል። መጠሪያው የክብር ይሁን እንጂ ባልደረቦቼ የሚያነሡት ዝም ሊያሰኙኝ በፈለጉ ጊዜ ነበር። «የኔታ፣ ይኼ እኮ ዘመናዊ አሠራር ነው» ይሉኛል። በዚያ ግቢ ዘመናዊ አሠራር ማለት ማንም ሳያነብበው ማኅተም የሚያርፍበት ነገር ማለት መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

በዚያ ዓመት የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለታሪክ ትምህርት የምርምር ሥራ እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ርእሱ «ቤተሰቤ ወደ ካርቱም እንዴት መጣ» የሚል ነበር። መልካም ርእስ ነው፤ መልካም በመሆኑም የሚያበላሸው ሰው ለማግኘት አልተቸገረም። ሥራው ያላለፈለት ተማሪ ለመልቀቂያው ፈተና አይቀመጥም፤ ውጤቱ የሚጸናውም ሁለት መምህራን አንብበው ሲፈርሙበት ነው። አንደኛው ፈራሚ የታሪክ መምህሩ ነበር። ሁለተኛ ፈራሚ ሲፈለግ ሌሎቹ ሁሉ ሥራ በዛብን አሉ፤ እኔ ለመዋሸት ስላልፈጠንሁ በእኔ ላይ ወደቀ።

የታሪክ መምህሩ ዲግሪ ያለው ወጣት ነው። ካርቱም ለእርሱ ከተማ ሳትሆን መናኸሪያ ነበረች፤ ወደ ሌላ አገር የሚያሻግረው ወረቀት እስኪመጣለት ድረስ የተቀመጠባት። የሚያስተምረውም አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው አጠገቡ ካለው መንገደኛ ጋር እንደሚያወራው ነው፤ አንድ ዓይኑ በስልኩ ላይ፣ ሌላው በበሩ ላይ። ስላለፉት ነገሥታት ሲናገር እንኳ ብር ሊለምኑት የመጡ ዘመዶቹ ይመስሉታል፤ አንዱንም ሳያከብር፣ የአንዱንም ዘመን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ወረቀቶቹ ከመሰብሰባቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአንድ ጁምዓ፣ የአንዲት ተማሪ እናት ግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ። የወሎ ሰው ናት፤ ሙስሊም። ቡሪ በሚባለው ሰፈር በአንድ የሱዳን ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የዕረፍት ቀኗ ጁምዓ ብቻ ነው። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶቧን እስከ ግንባሯ ስባ፣

«አባባ፣ ልጄን አሳልፉልኝ ልልዎ አልመጣሁም» አለችኝ።

«ብትዪኝም አላደርገው።»

«አውቃለሁ፤ ልጅቷ ነግራኛለች፤ እሳቸው ድንጋይ ናቸው ብላኛለች» አለችና ሳቀች። «የመጣሁት እንዲያውቁት ብዬ ነው። የማዳሜ እኅት ሠራተኛ ትፈልጋለች። ልጅሽ ካለፈች ትማር፣ ካላለፈች ግን ከአረፋ በኋላ እኔ ቤት ትግባ ብላኛለች። እኔም እሺ ብያለሁ። እምቢ ብል ማዳሜ እኔንም ማቆየቷን እንጃ።»

«ልጅቷስ ታውቃለች?»

«ካላወቀች እንዴት ትሠራለች? እኔ መጻፍ አላውቅ። የጠየቀችኝን ሁሉ ነግሬያታለሁ። ወላሂ፣ ስለ ራሴ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም።»

ይህን ብላ ወደ ሓፍላው ሮጠች፤ ካርቱም ሚኒባስን ሓፍላ ይሉታል። እኔም በልቤ፣ ቢያንስ አንድ ልጅ ከሰው አፍ የሰማውን ይጽፋል ማለት ነው አልሁ።

በእርማቱ ቀን በመምህራን ክፍል ውስጥ ከታሪክ መምህሩ ጋር ተቀመጥን። ማራገቢያው መብራት በመጣ ጊዜ ይዞራል፣ በጠፋ ጊዜ ይቆማል፤ መምህሩም እንደ ማራገቢያው ነው፤ ስልኩ ሲጮኽ ይነቃል፣ ዝም ሲል ያንቀላፋል። አንዱን ጥራዝ ከክምሩ ላይ ያነሣል፣ በእጁ ይመዝነዋል፣ ሽፋኑን በአውራ ጣቱ ይደባብሳል፣ ከዚያም ውጤት ይጽፍበታል።

«አላነበብኸውም እኮ» አልሁት።

«የኔታ፣ ልምድ ነው። ደኅና የተሠራ ነገር ገና ሲነኩት ያስታውቃል።»

«እኔ ሐብሐብ ስገዛ እንዲህ አደርጋለሁ።»

«አዩ! ገባዎት» አለኝ፤ ስድቡ አልደረሰውም።

የቀረልኝ ማንበብ ነበርና አነበብሁ። የመጀመሪያው ጥራዝ ስለ አንድ አያት ይተርካል። እኒህ አያት ከጎንደር ተነሥተው፣ በመተማ በኩል በአህያ ተሻግረው፣ በገዳሪፍ ጥቂት ሰንብተው ካርቱም ገቡ። ትዕግሥተኛ፣ ሀገር ወዳድና ቁመተ ረጅም ነበሩ። በመጨረሻም በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው አርፈው፣ ፍትሐት ተፈትቶላቸው፣ ተዝካራቸው በወዳጅ ዘመድ ፊት ተደገሰ። ክፉ አይደለም ብዬ አለፍሁት። ሁለተኛውን ገለጥሁ፤ እኒያው አያት ከነአህያቸው መጡ። በሦስተኛው ውስጥም መተማ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እያነበብሁ በሄድሁ ቁጥር እኒያ ሰው ደጋግመው ይሻገራሉ፣ ደጋግመው ይታገሣሉ፣ ደጋግመው ይሞታሉ። ያን የመሰለ ረጅም ስቃይ በአንድ አህያ ላይ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም። የአንዲት ሴት ልጅ ጥራዝማ አያትየው ስም ያወጡላት የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በመሆኗ እንደ ነበር ይመሰክራል። የትግራዩ ልጅ፣ የጉራጌው ልጅ፣ የአዲስ አበባው ልጅ ሁሉ የአንድ ጎንደሬ የልጅ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ክፍሉ በሙሉ እርስ በርሱ የማይጋባ ዘመዳም ሆነ።

መምህሩን፣ «እኒህን ሰውዬ ታውቃቸዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የትኞቹን?»

«ስንት ጊዜ ያሳለፍሃቸውን።»

ገልጦ ተመለከተና፣ «የስደት ታሪክ ሲባል ይመሳሰላል የኔታ፤ መንገዱ አንድ ነው» አለ።

መንገዱ አንድ ይሁን፤ ሰውየው እንዴት አንድ ይሆናል? በተማርሁበት ቤት ተማሪ የሚመዘነው መጽሐፉ ከፊቱ ተነሥቶ ነው፤ የቀረለት እውቀቱ ነው። በማግሥቱ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አስጠርቼ፣ ጥራዛቸውን ከደንሁና ንገሩኝ አልኋቸው። ከሁሉ የበለጠ ውጤት የተሰጠው ልጅ መጀመሪያ ገባ። ሙስሊም ነው፤ አባቱ በካርቱም ገበያ፣ በሱቅ ዐረቢ፣ ጨርቅ ይነግዳል።

«አያትህ ሙስሊም አልነበሩም?»

«ናቸው የኔታ።»

«ናቸው? በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ደሴ ናቸው።»

«ታዲያ እዚህ ካርቱም ማን ፈታቸው? ተዝካራቸውንስ ማን ደገሰው?»

ልጁ ጣራውን አየ፣ ጫማውን አየ፤ በመጨረሻ፣ «መክተባው ነዋ የኔታ» አለኝ።

መክተባ የሚሉት ወረቀት የሚያባዙበትንና የሚተይቡበትን ሱቅ ነው። እውነት ተናግሯልና አልቆጣሁትም፤ አድራሻውን ብቻ ተቀበልሁት። በዚያው ዕለት ወደ ሱቅ ዐረቢ ወረድሁ። ከሚኒባሶቹ መቆሚያ አጠገብ፣ ረዳቶች ጉሮሯቸው እስኪነቃ በሚጣሩበት፣ ካልሲ ሻጭና የስልክ ሽፋን ሻጭ በሚጋፉበት ጠባብ ቦታ ላይ፣ አንድ የአገራችን ጎልማሳ ከኮምፒውተር ኋላ ተቀምጧል። ገና ሲያየኝ ደንበኛ መስዬው ደስ አለው።

«አህለን አባባ! ምን ልጻፍልዎ?»

«የታሪክ ምርምር።»

«ለልጅ ልጅዎ? ዝግጁ አለኝ። ስም ብቻ ይንገሩኝ።»

«አያትየው የት አገር ሰው ናቸው?»

«ያሉኝ የጎንደር ናቸው። የወሎ አያት ከፈለጉ እስከ ነገ ይታገሡኝ።»

«የወሎዎቹም በአህያ ይመጣሉ?»

«እንደ ፍላጎትዎ። ግመል ላደርገው እችላለሁ» አለኝ፤ ፍጹም የሥራ ሰው ነው። ከትምህርት ቤታችን ሰዎች ሁሉ ይልቅ የሚሠራውን የሚያውቀው እርሱ መሰለኝ፤ ይህም ስለ እርሱ የተነገረ ምስጋና ሳይሆን ስለ እኛ የተነገረ ነው።

ተመልሼ የቀሩትን ስመለከት፣ ከክምሩ ሁሉ በታች፣ ያለ ሽፋን፣ በመስመር ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ አገኘሁ። የወሎዪቱ ልጅ ሥራ ነው። ልጅቱ በካርቱም ተወልዳ ያደገች ናትና ፊደሏ ይንጋደዳል፣ አማርኛዋም በዐረብኛው መካከል እየተሹለከለከ ይሄዳል። የታሪክ መምህሩ በአናቱ ላይ በቀይ ቀለም «ውድቅ፤ የፈጠራ ሥራ» ብሎበታል። በእጅ የተጻፈ በመሆኑ ሊመዝነው አልቻለምና፣ ይህን አንዱን ብቻ አንብቦታል ማለት ነው።

«ምን ሆና ነው የወደቀችው?» አልሁት።

«ያንብቡት እንጂ የኔታ! እናቷ ከወሎ ተነሥታ ካርቱም እስክትገባ ስምንት ዓመት ፈጀባት። በኤሊ ነው የመጣችው? ይኼ ሳይበቃ፣ ካርቱም ከመግባቷ በፊት ከካርቱም ተመልሳ ሄዳ አባቷን ቀበረች። ሰው ያልገባበት ከተማ ይወጣል? ልጅቷ ዓመቶቹን ከራሷ እየፈጠረች ነው የደረደረችው።»

እውነት ነው፤ ወረቀቱ እንዲያ ይላል። አስጠራኋትና እርሱ ባለበት ወረቀቷን ከደንሁባት።

«ንገሪኝ።»

«እማ ከአገር ወጣች። ከሴቶች ጋር፤ በእግርም በመኪናም። መተማን አለፈች። ገዳሪፍ ሲምሲም አጨደች...»

መምህሩ ሳቀ። «ሰሊጥ በይ» አልኋት።

«ሰሊጥ አጨደች። እጇ ቆሰለ፤ ጠባሳው አለ። ከዚያ ሳጃና አክስቷ ልጅ ጋ መጣች፣ ከዚያ ቡሪ ገባች። ከዚያ አባቷ ሞተ፣ ሄደች፣ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቀበረች ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ለምን?»

«እማ አልደረስኩም ስትል አለቀሰች። አታልቅሺ ብዬ ነው።»

«በታሪክ ላይ እንዲህ አይደረግም። ይህን ትሰርዢዋለሽ።»

«እሺ የኔታ።»

«ከአገሯ የወጣችበትን ዓመት ከየት አገኘሽው?»

«አጎቴ ከአገር በስልክ ነገረኝ። እሱ ያገባበት ዓመት ነው።»

«ካርቱም የገባችበትንስ?»

«እሱማ ኢቃማዋ ላይ አለ። ከመታወቂያው ነው የገለበጥኩት።»

«አባቷ የሞተበትን?»

«እሱም የአጎቴ ነው። የአገር ነገር ሁሉ የአጎቴ ነው፣ የካርቱም ነገር ሁሉ የኢቃማው ነው።»

ዘመናትን ማዛመድ የለመደ ሰው ከዚህ በላይ የሚሰማው የለም። አጎትየው የቆጠረው በእኛ ዘመን አቈጣጠር ነው፤ ኢቃማው በፈረንጆቹ፤ በሁለቱ መካከል የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ልጅቱ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ ደረደረቻቸውና እናቷ ገና ካልገባችበት ከተማ ወጣች። የካርቱሞቹን ዓመታት ወደ እኛ ቈጠራ ብመልሳቸው፣ የስምንት ዓመቱ ጉዞ ከአንድ መኸር የማይበልጥ ሆነ፤ አባቷም ተራውን ጠብቆ ሞተ። ሁሉም በየቦታው ገባ። ይህን ለመምህሩ በጣት እየቈጠርሁ አሳየሁት።

«ልክ ሊሆን ይችላል» አለ ስልኩን እያየ። «ግን ዘመኑን ማስተካከል የእሷ ኃላፊነት ነበር። ስሕተት ስሕተት ነው፤ ውጤቱን አልለውጥም።»

«አንተስ በኢቃማህ ላይ ስንት ዓመትህ ነው?»

በኢቃማው ላይ ከታናሽ ወንድሙ በታች መወለዱን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ በመታወቂያ ቢሮው መስኮት ላይ የእኛን ዓመት በፈረንጆቹ፣ የፈረንጆቹን በእኛ አምታቶ የነገራቸው ራሱ ነው። ያን ጊዜ ግን «ውድቅ፤ የፈጠራ ሥራ» ብሎ የጻፈበት አልነበረም።

«የኔታ፣ የግል ነገር ውስጥ አይግቡ» አለኝና ተነሥቶ ወደ ሙዲሩ ሄደ።

ሙዲር የምንለው ርእሰ መምህሩን ነው። ከብዙ ዓመት የካርቱም ኑሮ በኋላ በስሙ የሚጠራው ስለ ሌለ፣ እርሱም ራሱን «እኔ ሙዲሩ» ይላል። ከልብ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፋት የሚጠይቀው ጽናት አልነበረውም። አስጠራኝና ወንበር አቀረበልኝ።

«የኔታ፣ የመዝጊያው በዓል ደርሷል። እንግዶች ተጠርተዋል። ጥራዞቹ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። ሽፋናቸውን አይተዋል? እንዴት ያምራሉ!»

«ውስጣቸውን አይቻለሁ።»

«ውስጡን ማን ያያል?»

«እኔ ፈራሚ ነኝ። ፊርማዬ አንብቤዋለሁ፣ የተማሪው ሥራ ነው ማለት ነው። ሥራቸው አይደለም። በሐሰት አልመሰክርም።»

ሙዲሩ ላቡን ጠረገ፣ በሩን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንተዛዘን የኔታ። ያቺ ልጅ እንድታልፍ ይፈልጋሉ አይደል? መምህሩን አሳምነዋለሁ። እርስዎም ለሁሉም ይፈርማሉ። ካልፈረሙ ግን የእሷም አይጸናም፤ ሕጉ ሁለት ፊርማ ይላል። ኻላስ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።»

ወደ ቤቴ የሄድሁት በእግሬ ነበር። አንዲት እውነተኛ ወረቀት ለማጽናት የሐሰቶቹን ክምር ሁሉ እንድሸከም ተጠየቅሁ። እምቢ ብል ነፍሴ ትነጻለች፤ ልጅቱ ከአረፋ በኋላ የማዳሚቱን እኅት ወለል ትወለውላለች። እሺ ብል ልጅቱ ፈተናዋን ትፈተናለች፤ እኔም ለአንድ አህያና ለአንድ ጎንደሬ በእግዚአብሔር ፊት ምስክር ሆኜ እቆማለሁ። ሙዲሩ ይህን ሁሉ ሳያስብ፣ እንደ ቲማቲም ዋጋ ሲከራከር ነው ያቀረበልኝ። በጸሎት ሰዓቴ ስለ እርሱ ልጸልይ ሞከርሁ፤ ልቤ እምቢ አለኝ።

መውጫው የመጣልኝ ከተማርሁበት ቤት ነው። በመጻሕፍት ቤት ማንም ሰው ትርጓሜን የራሱ አድርጎ አይናገርም። ይህን ከመምህሬ ሰማሁ ይላል፤ መምህሩም ከማን እንደ ሰማ ይናገራል፤ እንዲህ እያለ የመምህራኑ ሐረግ ወደ ኋላ ይቈጠራል። ቃሉ ቢሳሳት እንኳ ከማን እንደ ተሳሳተ ይታወቃል። በማግሥቱ ለሙዲሩ፣ «እፈርማለሁ» አልሁት። «ግን አንድ ነገር አለኝ። እያንዳንዱ ተማሪ በሥራው መጨረሻ ላይ ታሪኩን ከማን እንደ ተቀበለ በገዛ እጁ አንዲት መስመር ይጻፍ።»

«ይኼ ብቻ? ማለፊያ! ሪፈረንስ ማለት ነው» አለ የታሪክ መምህሩ፤ እርሱም በዚያ ነበር። «እንዲያውም ዘመናዊ ነው።» ወዲያውም ብዕሩን አውጥቶ፣ ተማሪዎቹ ምን እንደሚጽፉ ሳይጠብቅ፣ በሁሉም ላይ ፈረመ። የልጅቱን ወረቀት ሙዲሩ ራሱ አቀረበለት፤ «ውድቅ» ያለውን ሰርዞ ፈረመና ስልኩን አነሣ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ተማሪዎቹን በክፍል ሰበሰብኋቸው። «በመጨረሻው ገጽ ላይ ይህን ታሪክ ከማን እንደ ተቀበላችሁ እውነቱን ጻፉ። የዋሸ ሰው በበዓሉ ቀን በእንግዶች ፊት፣ ወረቀቱ ተከድኖ፣ ሙሉውን በቃሉ ይናገራል» አልኋቸው።

ያፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላፈሩም። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ የበረታብኝ ይህ ነበር፤ ቀላል ጥያቄ የወጣላቸው ያህል ደስ እያላቸው ጻፉ። «ይህን ታሪክ የተቀበልሁት ከሱቅ ዐረቢው መክተባ ነው» አለ አንዱ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት። ሌላው፣ «ከሚኒባሶቹ መቆሚያ አጠገብ ካለው መክተባ» ብሎ መንገዱን ጨመረበት። አንዱ ደግሞ እጁን አውጥቶ፣

«የኔታ፣ እኔ ከወንድሜ ነው የተቀበልኩት፤ እሱ ነው መክተባው የሄደው። ማንን ልጻፍ?»

«ሁለቱንም ጻፍ።»

«ይህን ከወንድሜ ተቀበልሁ፤ ወንድሜም ከመክተባው ተቀበለ» ብሎ ጻፈ። በዚያ ክፍል ሐረጉን አሟልቶ የቈጠረ እርሱ ብቻ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ደግሞ ሳይጠየቅ፣ «አያቴ ግን አሉ፤ አልሞቱም» የሚል ጨመረበት፤ ከጥራዙ ሁሉ እውነት የሆነች አንዲት ዓረፍተ ነገር እርስዋ ናት። የወሎዪቱ ልጅ ዓመታቱን በእኛ አቈጣጠር አስተካክላ፣ «ቀበረች» የሚለውን ሰርዛ «አልደረሰችም» ብላ፣ በመጨረሻው ላይ «ይህን የተቀበልሁት ከእናቴ፣ ከአጎቴም ነው» አለች። ያን ጊዜ ሁሉንም ተራ በተራ ፈረምሁ። እያንዳንዱ ወረቀት ስለ ራሱ እውነቱን ይናገራልና፣ ፊርማዬ በሐሰት ላይ አላረፈም።

ሙዲሩም መምህሩም የመጨረሻውን ገጽ አልገለጡም።

በበዓሉ ቀን እንግዶቹ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከርከዴያቸውን እየጠጡ በጠረጴዛዎቹ መካከል ተዘዋወሩ። አንድ ሆዳቸው የገፋ የክብር እንግዳ አንዱን ጥራዝ ከፍተው ከመካከሉ ጥቂት አነበቡና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በአህያ! እስቲ አስቡት፤ በአህያ!» አሉ። ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አልፈው ሌላ ጥራዝ ገለጡና እንደ አዲስ አዘኑ። ሙዲሩ ከኋላቸው እየተከተለ፣ «ያ ትውልድ ሌላ ነበር» ይላል። ስንት ጊዜ እንዳዘኑለት ያ ጎንደሬ ቢያውቅ፣ ባለመወለዱ ይጸጸት ነበር። ወደ መጨረሻው ገጽ የደረሰ ሰው አንድም አልነበረም፤ የክፍሉ ሁሉ ኑዛዜ በአደባባይ ተዘርግቶ ውሎ አንድ የሚሰማው አጣ።

የወሎዪቱ እናት የመጣችው ሰዎቹ ሊበተኑ ሲሉ ነው፤ ማዳሟ ዘግይታ ነበር የለቀቀቻት። ሽፋን የሌለውን ወረቀት በጠረጴዛው ጥግ አገኘችው፤ ማንም አልነካውም።

«የቱ ጋ ነው እኔ ያለሁት?» አለቻት ልጇን።

«ሁሉም ቦታ እማ። መጨረሻው ላይ ደግሞ እዚች ጋ።» ልጅቱ በጣቷ እያሳየች አነበበችላት።

«ከእናቴ ነው ያልሽው? ወላሂ፣ ታዲያ ከማን ልትቀበዪው ኖሯል?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ዘወር ብላ፣ «አልደረስኩም ያልኩትንስ?» አለች።

«ጽፌዋለሁ። የኔታ ናቸው ጻፊ ያሉኝ።»

እናቲቱ ጽሕፈቱን አየችው፤ የትኛው መስመር እንደ ሆነ አታውቅም። «ይሁን፤ አልደረስኩም» አለች። «አልፋለች ማለት ነው አባባ?»

«አልፋለች።»

ስልኳን ከቶቧ ሥር አወጣችና በዚያው ቆማ ለማዳሟ ደወለች። በዐረብኛ ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። ሰላምታውን አስቀድማ፣ ስለ ልጆቹ ጤና ጠይቃ፣ ልጄ አልፋለች፣ ለመልቀቂያው ፈተና ትቀመጣለች፣ ለእኅትሽ ሌላ ሰው ፈልጊላት፣ እኔ ነገ በጠዋቱ እገባለሁ አለቻት። ከወዲያ በኩል የሚመጣውን ረዘም አድርጋ አዳመጠች፤ «ኢንሻአላህ» አለችና ዘጋችው።

«ተቆጣች?» አለች ልጅቱ።

«ትቆጣ። ያላ፣ ሓፍላው ሳይሞላ።»

እኔን ሳታመሰግነኝ ሄደች፤ ውለታ እንዳልዋልሁላት ገብቷታል። በዚያ ግቢ ቀኑን ሙሉ ከተነገረው ምስጋና ሁሉ፣ ያልተነገረው የእርስዋ ብቻ በቦታው ነበር።